ወረፋው ይዘለል ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ሌላው ሁሉ ይቆየኝና መጀመሪያ ጉልበትሽ እንዴት ነው? የቀኙን ማለቴ ነው፤ ግራው ገና ልጅ ነኝ ባይ እንደሆነ አውቃለሁ። ወገብሽስ? ዓይንሽስ? ክር መርፌ ውስጥ ስታስገቢ እህቴን ሚጣን ትጠሪያለሽ ወይስ ዛሬም በግትርነትሽ ብቻሽን ትታገያለሽ? የተማሪዎቹ ዩኒፎርም ደረሰልሽ? ቤቱ፣ ግቢው፣ ያ ዝናብ ሲያይ የሚያለቅሰው ጣሪያችን ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ጀምሯል። ውስጡ ያለው ሰው ቁጭ ባልኩ ቁጥር ይረግጠኛል፤ የስፌት መኪናሽን መርገጫ ገና ሳያየው የወረሰ ይመስለኛል። ባለቤቴም ደህና ነው። አንቺ ቸኩሌ ብለሽ ባወጣሽለት ስም አሁን አባዬም ይጠራዋል፤ እሱም ሳይቀየም አቤት ይላል።

አባዬ በደህና ገብቷል፤ እሱን በስልክ ሰምተሻል። ግን ስልክ ሲይዝ አንደበቱ እንደሚታሰር ታውቂያለሽ። ደህና ገባሁ ብሎሽ ዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በሙሉ ለእኔ ተወልኝ። የስልክ ወሬ አይደገምም፣ ወረቀት ግን መነጽሬን አድርጌ ደግሜ ደጋግሜ አነበዋለሁ ትይ የለም? ከእኔ ጋር በሆቴሉ ላውንደሪ አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዬ በዚህ ሳምንት ወደዚያ ስለምትጓዝ ይህን ደብዳቤ ከአንዲት ትንሽ ጥቅል ጋር ሰድጄልሻለሁ። ጥቅሉን ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው። ሚጣም እንዳትፈታው እጇን ያዢልኝ።

በሚጣ ስልክ የላክሽውን ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ያ ከፍለውበት ወረፋ የሚያስዘልለው ነገር ይረባል ወይስ አይረባም ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጎረቤታችን ባለ ዳቦዋ ልጇ ዘንድ ስትሄድ አየር ማረፊያ ቆማ ቆማ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ እንደወጣች ነገረችሽ አሉ። አንቺም ጉልበቴ ያን ሁሉ አይቆምልኝም፣ ነገሩ የማይረባ ከሆነ ይቅርብኝ፣ ልጁን በፎቶ አየዋለሁ አልሽ። እማዬ፣ ይቺን በፎቶ ያልሻትን ነገር እንዳትደግሚያት። ሐኪሟ እንደነገረችኝ ስወልድ አጠገቤ እንዲቀመጥ የሚፈቀደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቸኩሌ መርፌ ሲያይ የሚወድቅ ሰው ነው፤ እሱን ያስገቡልኝ እንደሆነ አዋላጆቹ እኔን ትተው እሱን ሊያነሱ ነው። አማቴ ደግሞ እናትሽ ካልተመቻት እኔ ዝግጁ ነኝ እያለች በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ደግ ሴት ናት፣ እግዜር ይስጣት፤ ግን እኔ አጠገቤ እንድትሆኚ የምፈልገው አንቺን ነው። ስለዚህ ላልሽኝ ጥያቄ መልሴን በደንብ አስቤ ነው የምሰጥሽ፤ ጥቂት ዞር ብዬ ብመጣም ታገሺኝ።

ነገሩ የተጀመረው አንቺና አባዬ አብራችሁ ትመጣላችሁ ተብሎ ሳለ አንቺ በዩኒፎርሙ ምክንያት ወደ ኋላ ስትቀሪ ነው። አባዬ እኔ ቀድሜ ሄጄ መንገዱን ልየው ሲል ቸኩሌ እዚህ ተቀምጦ ሐሳብ ይበላው ጀመር። ሥራው በሞተር ብስክሌት ዕቃ ማድረስ ስለሆነ ለእሱ ወረፋ ማለት እስር ቤት ነው። የአየር ማረፊያው የፓስፖርት ወረፋ በዚህ ወቅት እስከ ደረጃው ድረስ እንደሚሰለፍ ሰምቶ እኔ ሆቴል መጣና ከእንግዳ ተቀባዩ ጋር መከረ። እንግዳ ተቀባዩ ይህን አገልግሎት ለእንግዶች ይሸጣል። አውሮፕላኑ በር ላይ ስምህን በሰሌዳ ጽፎ የሚጠብቅህ ሰው አለ፣ በጎን ባለው ገመድ ያሳልፍሃል፣ ለብቻው መስኮት አለህ፣ ሌላው ሰው ገና ሲሰለፍ አንተ ቤትህ ነህ አለው። እኔ ለመሆኑ አንተ ራስህ ሞክረኸው ታውቃለህ ብዬ ስጠይቀው፣ እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ተጓዥ አይደለሁም ብሎ ሳቀብኝ።

አንሶላ እየተኮስኩ ስመዝነው ሰነበትኩ። በአንድ በኩል ያን ያህል ሰዓት በአየር ላይ ታጥፎ የተቀመጠ ሽማግሌ ወርዶ ደግሞ ሊቆም ነው፤ ወገቡም እንደምታውቂው ነው። ደግሞስ አባዬ ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሲያሳልፍ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ እሱን የሚያሳልፈው ሰው ቢኖር ምን አለበት አልኩ። በሌላ በኩል ግን አባዬ አባዬ ነው። ታክሲ ተራ ቆሞ ፊሽካ እየነፋ ስንትና ስንት ዓመት ሰው ያሰለፈ፣ የገዛ ወንድሙ መሀል ሲገባ ትከሻውን ይዞ ወደ ኋላ የመለሰ ተራ አስከባሪ ነው። አጎቴ እስከ ዛሬ ያቺን ቀን እየጠቀሰ ያኮርፋል አይደል? በእሱ ተራ ማለዳ የመጣ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ግድግዳ ጥግ ቁጭ ይላል፤ ድንጋዩ ሰው ነው፣ ሰልፉ ሲጠጋ አብሮ ይጠጋል፣ የነካው ከአባዬ ጋር ተጣላ። ሰዎች ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ሲያሾፉበት እሱ ደግሞ ፊሽካዬን በላሁ እንዴ ብሎ ይስቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ወረፋ ዝለል ብትይው እሺ አይልም። ስለዚህ ምን አደረግን? አልነገርነውም። ከፈልንና ዝም አልን።

የመጣ ቀን ቸኩሌ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጣድፈኝ ውሎ አውሮፕላኑ ሳያርፍ መውጫው ጋ ተገተርን። እዚያ ብረት አጥር አለ፤ ዘመድ የሚጠብቀው ሁሉ እሱ ላይ ተደግፎ አንገቱን ያሰግጋል። ተንሸራታቹ በር በተከፈተ ቁጥር ልቤ ብድግ ይላል። ብዙም ሳንቆይ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ብቅ አለች፤ በእጇ የአባዬ ስም በትልቁ የተጻፈበት ሰሌዳ ይዛለች። ቸኩሌ ጎኔን በክርኑ ነክቶ፣ አየሽ፣ የከፈሉበት እንዲህ ነው ብሎ ደረቱን ነፋ። ከሰሌዳው ኋላ ግን አባዬ የለም። የመጣችው ከትከሻ ቦርሳ በቀር ሻንጣ ያልያዘች፣ ፀጉሯ የተበታተነ አንዲት ወጣት እናት ናት፤ አንድ ሕፃን ደረቷ ላይ ታስሯል፣ ሌላው ደግሞ በሰሌዳዋ ሴት እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል። ቸኩሌ ሰሌዳውን አየ፣ ሕፃናቱን አየ፣ ዞር ብሎ እኔን አየና፣ አባትሽ መንገድ ላይ መንታ ወለዱ እንዴ አለኝ። እኔ በዚያ ጭንቀቴ ላይ እንደዚያ የሳቅሁት ሳቅ ምጤን እንዳያመጣብኝ ፈርቼ ነበር።

የሰሌዳዋ ሴት የሆነውን በአጭሩ ነገረችን፤ የቀረውን ደግሞ በአውሮፕላኑ ከአባዬ አጠገብ ተቀምጣ የመጣች፣ የሁለቱንም አገር ቋንቋ የምትችል አንዲት ተማሪ በኋላ አሟላችልን። አባዬ አውሮፕላኑ በር ላይ ስሙን ተጽፎ ሲያይ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር አሉ። ልጄ ሰው ልካልኛለች ብሎ ለተማሪዋ አሳያት፤ የሰሌዳዋን ሴትም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። አብረው እየተጫወቱ አዳራሹ ደረሱ። መቀመጫው ከፊት ስለነበር ከቀደሙት መንገደኞች ጋር ነው የደረሰው፤ እንደ ልማዱም ከተማሪዋ ኋላ ገብቶ ቀጥ ብሎ ተሰለፈ። ሴትዮዋ ክንዱን ይዛ ወደ ጎኑ ገመድ ስትስበው ነው ነገሩ የከረረው። በዚህ በኩል ነው አለችው በተማሪዋ አማካይነት። እዚህ የቆሙት ሰዎችስ ብሎ ጠየቀ። እነሱ ይቆማሉ። ከእኔ ኋላ ነው የመጡት? አይደለም፣ ግማሾቹ ከሌላ አውሮፕላን ወርደው ከእርስዎ በፊት ነው የደረሱት። ታዲያ እኔ እንዴት ነው የማልፈው? ተከፍሎልዎታል።

ተማሪዋ እንዳለችው አባዬ አልተቆጣም። ዝም ብሎ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው፤ ያ ሰልፍ ሲያይ የሚያደርጋት ዓይኑን ጠበብ የማድረግ ነገር አለች አይደል? ወዲያ መጨረሻው ላይ ያቺ እናት ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ቆማለች፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይነሳል፣ ሌላው ሲተኛ አንዱ ይጀምራል። አባዬ የሰሌዳዋን ሴት አስከትሎ ያን ሁሉ ሰልፍ በጎን ወደ ኋላ ሄደ። እናቲቱ ጋ ሲደርስ ሰሌዳውን ተቀብሎ ሰጣትና በእጁ ሂጂ አላት። ከዚያ እሷ በቆመችበት ቦታ፣ ከሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ የእጅ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ቆመ። ሴትዮዋ አይሆንም፣ የተከፈለው በእርስዎ ስም ነው ብትለውና ተማሪዋ ከቦታዋ ጮክ ብላ ብትተረጉምለት፣ ተራ ይለወጣል እንጂ አይሰረቅም፣ ስሜን ይዛ ትሂድ፣ ስም አያልቅም አላት አሉ። ምን ታድርግ? አሳለፈቻት።

እኛ ውጪ ሆነን ይህን ስንሰማ ቸኩሌ ራሱን ያዘ። የከፈልነው እኮ ለእሳቸው ነው እያለ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ እኔ ይመላለሳል። ያቺ እናት ግን ባሏ ከሰው መሀል ተሽሎክልኮ ደርሶ ሁለቱን ሕፃናት ሲያቅፍ፣ ሰሌዳውን ከሴትዮዋ ተቀብላ የአባዬን ስም በጣቷ እየነካች ስታሳየው አየሁ። ማንበብ የቻለች አልመሰለኝም፤ ብቻ ትነካዋለች። እኔም አለቀስኩ። በእርግዝና ነው ብዬ ለቸኩሌ ዋሸሁት እንጂ በእርግዝና አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አባዬን ጠበቅነው፤ ጠበቅነው። መቆም ሲያቅተኝ ቸኩሌ ካፌ ገብቶ ወንበር ለምኖ አመጣልኝ። ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ፤ ይህን እሱ ራሱ እንደማይነግርሽ እርግጠኛ ነኝ። የዚያ አዳራሽ ሰልፍ በገመድ መሀል እየተጠማዘዘ የሚሄድ ነው፤ ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው ሰው በየመታጠፊያው ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። ስለዚህ ተማሪዋና አባዬ በተገናኙ ቁጥር ይጫወታሉ። በአንደኛው መታጠፊያ ላይ አንድ ሽቅርቅር ያለ ጎልማሳ ስልክ የሚያናግር መስሎ በገመዱ ሥር ሾልኮ ከአንድ ምርኩዝ ከያዘ አዛውንት ፊት ገባ። የአባዬ እጅ አባዬን ሳታማክር ኮት ኪሱ ገባች። ፊሽካው ኪሱ ውስጥ ነበር፣ እማዬ። አንቺ ሻንጣውን ስታዘጋጂ ይህን ደግሞ ምን ልታደርግበት ነው ብለሽ አውጥተሽበት፣ እሱ ተደብቆ መልሶ የከተተው ያ ፊሽካ። ነፋው።

ያን የሚያህል አዳራሽ ጭጭ አለ። ሕፃን ያዘለው፣ ፓስፖርት የሚያትመው፣ ጠባቂው፣ ሁሉም ባለበት ደረቀ። ሁለት ጠባቂዎች እየሮጡ መጡ። አባዬ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ፊሽካውን አየው፣ ጠባቂዎቹን አየ፣ ከዚያ ግን የጀመረውን መጨረስ አለበትና ጣቱን ወደ ጎልማሳው፣ ቀጥሎ ወደ አዛውንቱ፣ ቀጥሎ ወደ ሰልፉ ጭራ ቀሰረ። ቋንቋ አላስፈለገውም። መጀመሪያ የሳቀው አዛውንቱ ነው፤ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ ጠባቂዎቹም ሳቁ። ጎልማሳው ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፊሽካውን ግን ወሰዱበት። ስትወጣ እንመልስልሃለን ብለው በምልክት ነገሩት፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። አንደኛው ጠባቂ ሲመልስለት እሱም አንድ ጊዜ ሊነፋው ፈልጎ አለቃው እንዳያየው ፈርቶ ተወው ብላ ተማሪዋ፣ እሱን ጠብቃ አብራው ወጥታ፣ ስትነግረን በሳቅ ሞትን።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አባዬ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ከኋላው የሚወጣው መንገደኛ ሁሉ ትከሻውን እየነካ ይሰናበተዋል። ቆሞ የዋለ ሰው ሳይሆን ሠርግ ቤት የዋለ ሰው ነው የሚመስለው። አቅፎኝ፣ ሆዴን አይቶ፣ ሁለት ሆነሽ ጠበቅሽኝ አለ። ቸኩሌ አላስችል ብሎት፣ አባባ ይህን ያህል ለምን ይቆማሉ፣ የከፈሉት እኮ ድሮ ቤታቸው ገብተዋል አለው። አባዬም፣ ማን ገባ? ሻንጣ የሚያዞረው ጎማ ጋ ስደርስ በጎኑ ገመድ ያለፉት ጌቶች እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነው ያገኘኋቸው፣ የዘለለውም የተሰለፈውም ሻንጣ ፊት ተገናኘን፣ የእኔም ሻንጣ ከእነሱ ቀድማ መጣች አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎም ጨመረለት። ቸኩሌም ሻንጣውን ተሸከመ።

እንግዲህ ለጥያቄሽ የመጀመሪያው መልስ ከዚህ የተገኘ ነው። ያ አገልግሎት የሚያስዘልልሽ አንዱን ወረፋ ብቻ ነው። ሻንጣውን አያፈጥንም፣ አውሮፕላኑንም አያፈጥንም፣ የከተማውንም መንገድ አይከፍትም። ስትነሺ እዚያ ሚጣ አብራሽ ስለምትቆም፣ ወንበርም ስላለ፣ እዚያ መክፈል በከንቱ ነው። አውሮፕላን የምትቀይሪበትም ቦታ ሰፊ ጊዜ ስላለሽ ቀስ እያልሽ ትሄጃለሽ። የሚያስፈራው እዚህ ስትደርሺ ያለው ነው። ለሕመምተኛ በነፃ የሚሰጥ ጎማ ያለው ወንበር እንዳለ ነግሬሽ፣ እግሬ እያለ ሰው እየገፋኝ ጎረቤት ያየኛል ብለሽ ተቆጥተሻል። እዚህ የሚያይሽ ጎረቤት የለም ብልሽም አልሰማሽኝም። በዚያ ላይ ብከራከርሽ እንደማላሸንፍ ስለማውቅ ትቼዋለሁ፤ ሐሳብሽን ከለወጥሽ ግን ደስታዬ ነው።

ያን ዕለት ራት በልተን ስናበቃ አባዬ፣ ለመሆኑ ማን ነው የከፈለልኝ አለ። ቸኩሌ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። አባዬም፣ ልጄ፣ ገንዘብህ ውሃ አልበላውም፣ መንታ አሳልፏል አለው። እኔም ጊዜው ይህ ነው ብዬ፣ ለእማዬስ እንክፈል ወይስ እንተው፣ ካልሆነ መምጣቷን ትታ በፎቶ ላይ ነው ያለችው አልኩት። በልቤ ትሰለፍ እንደ ሰው ይለኛል ብዬ መከራከሪያዬን አዘጋጅቼ ነበር። አባዬ ፊሽካውን በጣቶቹ መሀል አዞረው። ከዚያ፣ ለእሷ ክፈሉ አለ። እኔና ቸኩሌ ተያየን። እንዴት ብዬ ብጠይቀው፣ ለእሷማ ድሮም ተራ ይዤላት ነበር፣ ያኔ ባለማወቋ ነው ዛሬ የምትፈራው አለኝ።

እማዬ፣ አሁን ቁጭ በይ። ቁጭ ብለሽ ከሆነም ተደገፊ። ስለ ታክሲ ዕድልሽ ስንት ጊዜ ነግረሽናል? ልጅ ሆኜ፣ ስፌት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ የፈለግሁትን ያህል ባረፍድ ታክሲ ጠብቄ አላውቅም፣ ጥቅሌን ይዤ ብቅ ስል አንድ ሰው ጎደለ ይባላል፣ እገባለሁ፣ ያኔ ዕድሌ ሌላ ነበር ትይ የለም? አባትሽን ካገባሁ ወዲህ ዕድሌ ጠፋ፣ እንደ ማንም መሰለፍ ጀመርኩ እያልሽም በሰው ፊት ታሳቅቂበት ነበር። እሱም ጭንቅላቱን ወዝወዝ ያደርግ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው። ዕድል አልነበረም፣ እማዬ። አባዬ ያኔ የሌሊት ተረኛ ነበር። ሲነጋ ሥራውን ሲያስረክብ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ቤቱ ለመግባት ታክሲ ይሰለፋል። ድንጋዩን ቀደም ብሎ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ፊት ሲደርስ አይገባም፤ ከኋላው ያሉትን እለፉ፣ እለፉ እያለ የራሱን ቦታ ይዞ ይቆማል። አንቺ ጥቅልሽን ታቅፈሽ ስትሮጪ ስትመጪ፣ አንድ ሰው ጎደለ ብሎ ይጣራና ያስገባሻል። ከዚያ እሱ ቤቱ በእግሩ ይሄዳል። የማንንም ተራ አልሰጠሁም፣ የሰጠሁት የራሴን ነው አለኝ፤ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት ብታዪው።

የሚያውቀው ሰው አልነበረም ወይ አልኩት። አንድ ጫማ ሰፊው ብቻ አለኝ። ታክሲ ተራ እያደረ ሶሉ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ሲጠረጥር ከርሞ በመጨረሻ ደርሶበታል። ከዚያ በኋላ አዲስ ሶል ሲመታለት፣ ይቺ ልጅ እግርህን ሳትጨርሰው ወይ አናግራት ወይ ተዋት ይለው ነበር አሉ። ጫማ ሰፊው ዛሬም ከቤታችን ማዶ ጥላው ሥር ነው፤ ካላመንሽኝ ወጣ ብለሽ ጠይቂው። ታዲያ ካገባሃት በኋላ ለምን ተውካት ብዬ ልቤ አላርፍ ብሎ ጠየቅሁት። ሚስቴ ከሆነች በኋላማ ዝምድና ይሆናል፣ ተራ አስከባሪ ለዘመዱ ሲያደላ ታየ እንዲሉኝ ነው አለኝ። ቸኩሌ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እኔ ግን እሱ በነገረኝ ጊዜ አንቺን ነበር የማየው፤ ጥቅልሽን ይዘሽ ስትሮጪ፣ ከመስኮቱ በኩል ዞር ሳትዪ ስትሄጂ፣ እሱም ከኋላሽ አቧራውን ተቀብሎ በእግሩ ሲጀምር።

ዛሬስ ዝምድና አይሆንም ወይ አልኩት ልይዘው ብዬ። እሱ ግን አስቦበታል። ከተማሪዋ ኋላ ቦታ ይዤ ነበር፣ ቦታዬን ትቼ መጨረሻ ሄጄ ቆምኩ፣ ያቺን ቦታ ለማንም አልሰጠኋትም፣ ባለቤቷ እኔ ነኝና ለፈለግሁት እሰጣታለሁ፣ አሁን ጡረታም ወጥቻለሁ አለኝ። እንግዲህ ይህን የሚረታ ዳኛ ካለ ይምጣ። ስለዚህ ውሳኔው ይህ ነው። እዚያ አትክፈሉ፤ እዚህ ስትደርሺ ግን እንከፍላለን፤ የሰሌዳዋን ሴትም አነጋግረናታል፣ የእኚያ ሰውዬ ሚስት ከሆነች እኔ ራሴ ነኝ የምቀበላት ብላለች። በጎኑ ገመድ ስታልፊ የማንንም ተራ አልወሰድሽም፤ አንገትሽን ቀና አድርገሽ እለፊ፤ የምታልፊው በባልሽ ቦታ ነው። ሻንጣሽን ስትጠብቂ የምትቀመጪበት አግዳሚ ወንበር እንዳለም አባዬ አይቶ አረጋግጧል። ይረባል ወይ ላልሽኝ፣ ለአባዬ አልረባም፤ ለአንቺ ግን ይረባል።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው። ለሚጣ ያልኳት ሹራብ አለ፣ ለአንቺ የጉልበት መጠቅለያ አለ። በጨርቅ የታሰረውን ነገር ግን ያሰረው አባዬ ነው። ድንጋይ ነው፤ ከደጃችን አንሥቶ አጥቦ አደረቀው። ባልደረባዬ ድንጋይ አልሸከምም ብላ ስትስቅ ታሪኩን ነገርኳት፤ አሁን ከቦርሳዬ አላወጣውም እያለች ነው። የድንጋዩ ወንድም እዚህ ቀርቷል። አባዬ ከአልጋዬ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ ቸኩሌ ትናንት ልብሱን ሊያስቀምጥባት ሲል በፊሽካ አስነሣው። አማቴ በደወለች ጊዜም አባዬ ስልኩን ተቀብሎ፣ እመቤቴ፣ ወንበሯ ተይዛለች አላት። በስልክ ከዚያ የረዘመ ነገር ተናግሮ አያውቅም። እማዬ፣ ፎቶውን ተዪው። ነይና ዓይንሽን በዓይንሽ እዪ።

ሚጣን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ልዘል ነበር፤ ሆዴ ግን አላዘለለኝም። ለአጎቴ ሰላም በዪልኝ፤ ወንድምህ እዚህ አገር መጥቶም ሰው ወደ ኋላ መልሷል በዪውና ይጽናና። የስፌት ረዳትሽን፣ ያቺን ሳቂታ፣ አንቺ በሌለሽበት የቁልፉን ሣጥን አደራ በያት። ባለ ዳቦዋን እግርሽ እንዴት ሆነ በዪልኝ፤ ስለ ወረፋ የምትነግርሽን ግን ግማሹን ብቻ እመኚ። ጫማ ሰፊውን ደግሞ ከአባዬም ከእኔም እጅ ንሺልን፤ ለመንገድ የምታደርጊውን ጫማ እሱ ይይልሽ። ቸኩሌ ጉልበትሽን ይስማል፤ ግራውንም ቀኙንም። አባዬ ምን ልጻፍልህ ብለው፣ ነይ በያት ብሎ ዘጋው፤ አሁንም ስልክ የያዘ መስሎታል።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ከወንበርሽ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ፤
ነሐሴ ፲፱ ቀን።